እንዳላስቸግርዎ ብዬ

አንድ ጥያቄ ላስቀድም። ጎረቤትዎ በራቸውን ዘግተው ሦስት ቀን ቢሰነብቱ ምን ያደርጋሉ? ያንኳኳሉ? ወይስ «ብቻቸውን መሆን ፈልገው ይሆናል» ብለው ያልፋሉ? «ይሄማ ምን ጥያቄ አለው፣ አንኳኳለሁ እንጂ!» የሚለኝ አንባቢ ብዙ ነው። እኔም ነሐሴ 2004 ዓ.ም. ሻንጣዬን ይዤ ከአዲስ አበባ ስነሳ ብጠየቅ የምመልሰው ይህንኑ ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ኖርዌይ ገጠር ከከረምኩ ወዲህ ግን መልሱ እንደ ድሮው ከአፌ ቶሎ አይወጣም።

የሄድኩት ለትምህርት ነው። ከኦስሎ በባቡር ወደ ደቡብ ሲወርዱ ኦስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። (ስሟን ሲጽፉት የላቲኑን «ኤ» አናቱ ላይ ቀለበት ደፍተውበት ነው፤ «አስ» እያልኩ ስንት ጊዜ ታርሜያለሁ።) እዚያ በ1859 እ.ኤ.አ. የተከፈተ የግብርና ትምህርት ቤት አለ፤ አድጎ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ከሐዋሳና ከመቀሌ መምህራን እየተመላለሱ የተማሩበት ስለሆነ ኢትዮጵያዊ እዚያ ብርቅ አይደለም። ያኔ የምንማረው የኖርዌይ መንግሥት «ኮታ» ይለው በነበረው ዕድል ነው። አሠራሩ ብልህ ነበር፦ ለኑሮህ ገንዘብ ይሰጥሃል፣ ከፊሉ ስጦታ፣ ከፊሉ ብድር። ተምረህ አገርህ ከተመለስክ ብድሩ ይሰረዝልሃል፤ ከቀረህ ትከፍላለህ። ያ ዕድል ከጊዜ በኋላ ታጠፈ። ከ2023 እ.ኤ.አ. መኸር ጀምሮ ደግሞ ከአውሮፓ ውጭ በሚመጣ ተማሪ ላይ የትምህርት ክፍያ መጣበት። ስለዚህ የማወራው ስላለፈ ዘመን ነው ማለት ይቻላል።

እኔ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ካለ አንድ የገበሬ ቤት ሥር ክፍል ተከራየሁ። ነጭ ቤት፣ ቀይ ጎተራ፣ ዙሪያው የእህል ማሳ፣ ከማሳው ወዲያ ጥቅጥቅ ያለ የጥድ ደን። አከራዬ ከላይ ይኖራሉ፣ እኔ ከሥር። የ77 ዓመት ባልቴት ናቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ አላስፈቀድኳቸውም። በመጀመሪያው ቀን እጃቸውን ዘርግተው ስማቸውን ብቻ ነገሩኝ፤ «ወይዘሮ» የለ፣ የአባት ስም የለ። እዚያ አገር ፕሮፌሰሩም ከንቲባውም የሰማንያ ዓመት አዛውንቱም በስማቸው ነው የሚጠሩት፤ ሁሉም «አንተ»፣ ሁሉም «አንቺ» ነው። የአክብሮት ቃል ነበራቸው፤ ዛሬ የሚናገረው የለም ማለት ይቻላል። ጎረቤታቸው ስዊድን ውስጥ እንዲያውም በ1967 እ.ኤ.አ. ብሮር ሬክሴድ የሚባሉ የሕክምና መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ «አንተ»፣ «አንቺ» እንደሚሉ በይፋ አስታውቀው አገር ተከትሏቸዋል። የእኔን ምላስ ግን ማን ያላምደው? እናቴን በዕድሜ የሚበልጡ ሴት ፊት ቆሜ «አንቺ» ስል ጉሮሮዬ ላይ አንድ ነገር ይቀረቀርብኛል። ስለዚህ በአፌ ስማቸውን እየጠራሁ በልቤ «እማማ» እላቸው ነበር። እዚህም እንዲያው ልቀጥል፤ በአማርኛ «እሷ» ብዬ ልጽፍ እጄ አይታዘዘኝም።

አንድ ነገር ግን የመጀመሪያውን ሳምንት አቀለለልኝ። እማማ «አዎ» ማለት ሲፈልጉ አንዳንዴ አየር ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋሉ። ልክ እንደኛ! እናቴ ስልክ ላይ ወሬዬን እየሰማች እስትንፋሷን ሳብ ስታደርግ የሚሰማው ድምፅ ማለት ነው። ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቄ መጥቼ ያንን ድምፅ ከአንዲት ኖርዌያዊት አፍ ስሰማ፣ «በቃ፣ ሰው ሰው ነው» አልኩ። ቸኩዬ ነበር።

መሬታቸው ግሩም ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ አላቸው፤ ማንም ሰው በማንም ደን ውስጥ መሄድ፣ የዱር ፍሬ መልቀም፣ ድንኳን ተክሎ ማደር ይችላል። ባለቤቱን ማስፈቀድ አያስፈልግም። ብቻ ድንኳንህ ሰው ከሚኖርበት ቤት 150 ሜትር ይራቅ ይላል ሕጉ። ይህቺን ቁጥር ስሰማ ብዙ ነገር ገባኝ። በእኛ አገር ቤቱ ክፍት ነው፣ መሬቱ ዝግ። መንገደኛ መሽቶበት ቢመጣ «ቤት ለእንግዳ» ተብሎ ይገባል፤ አንድ ክንድ ድንበር ገፍቶ ያረሰ ግን ደም ያፋስሳል። እነሱ ጋ መሬቱ ክፍት ነው፣ ቤቱ ዝግ። በደኑ እንዳሻህ ውጣ ውረድ፤ ከበሩ ግን 150 ሜትር።

ይሄን ለማጥፋት አንድ ቀን ብቻ የተፈቀደ መስሎኝ ነበር። በጸደይ «ዱግናድ» የሚሉት ሥራ አለ፤ ከደቦ የሚለየው በስሙ ብቻ ነው ብል አላጋነንኩም። የአካባቢው ሰው ተጠራርቶ ቅጠል ይጠርጋል፣ አጥር ይቀባል፣ መንገድ ያስተካክላል። ቃሉን ከመውደዳቸው የተነሳ በ2004 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ቃል ብለው በድምፅ መርጠውታል። እኔም አካፋ ይዤ ወጣሁ። ሠራን፣ ሳቅን፣ ቡና ጠጣን፣ ቋሊማ በላን። አንዱ ጎረቤት ስለ ቀነኒሳ በቀለ ግማሽ ሰዓት አወራኝ። ወዳጅ አፈራሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። በማግስቱ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ያንኑ ሰው አገኘሁትና ጥርሴን አሳየሁት። አስፋልቱን አየ። ደቦው አልቋላ!

ክረምቱ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ሁሉ በጨለማ ተሸፈነ። የእኛ ሰዓት ፀሐይን ተማምኖ የተሠራ ነው፤ ስትወጣ 12፣ ስትገባ 12። እዚያ በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 3 ሰዓት አልፎ ነው፤ 9 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ተመልሳ ትገባለች። ሰኔ ላይ በተቃራኒው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ወጥታ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ድረስ አልገባም ትላለች። «በአበሻ ስንት ሰዓት ነው?» መባባል ተውን። በእነዚያ ጨለማ ወራት ስለ ጎረቤትህ የምታውቀው መብራቱን ብቻ ነው፤ በርቷል ወይም ጠፍቷል።

ኅዳር 2005 ዓ.ም. ታመምኩ። ጉንፋን ነው፣ ግን የእነሱ ጉንፋን ይጥላል። ሦስት ቀን ከአልጋ አልወረድኩም። እኛ ሰፈር ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ምሽት አጥሚት ይመጣል፣ በሁለተኛው ቀን ጠበል ይመጣል፣ በሦስተኛው ቀን መድኃኒቱን ከሐኪም በላይ የሚያውቁ አሥር ሰዎች አልጋዬን ከበው ይከራከሩ ነበር። እዚያ ግን ኮቴ የለም። ከላይ እማማ ሲራመዱ ይሰማኛል፤ ሬዲዮናቸው ይሰማኛል። «ሞቼ ቢሆንስ? ሽታዬ ነው ማለት ነው የሚነግራቸው!» እያልኩ በንዴት ተገላበጥኩ። በአራተኛው ቀን በሩን ስከፍት ደረጃዬ ላይ በረዶ የለም። ሌሊቱን ሁሉ ሲጥል አድሮ የእኔ ደረጃ ብቻ ተጠርጓል። እጀታው ላይ ፌስታል ተንጠልጥሏል፤ ውስጡ ዳቦና አንድ ጠርሙስ የፍራፍሬ ጭማቂ። ቤት የተሠራ ነው። ጭማቂው ረግቶ በረዶ ሆኗል።

ሄጄ አመሰገንኩ፤ ግን አልቻልኩም፣ ጠየቅሁ። «ምነው አንድ ጊዜ እንኳ ቢያንኳኩ?»

«መጋረጃህ ተዘግቶ ነበር» አሉኝ፤ እንደ ትልቅ ማስረጃ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ላስብ። እማማ ጨካኝ አልነበሩም። በ77 ዓመታቸው ሦስት ጠዋት ጎንበስ ብለው የባዕድ ልጅ ደረጃ ጠርገዋል። ያላደረጉት አንድ ነገር ቢኖር ማንኳኳት ነው፤ ያም የመናቅ ሳይሆን የማክበር ነበር። የዘጋሁትን መጋረጃ እንደ ቃሌ ቆጠሩት። በእኛ አገር የተዘጋ መጋረጃ ቃል አይደለም፤ መጋረጃ ነው።

ሁለት የስዊድን የታሪክ ምሁራን፣ ሄንሪክ በርግሬንና ላርስ ትሬጎርድ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መጽሐፍ አለ። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ስዊድናዊ ሰው ነውን?» ይላል። የሚጽፉት ስለ ስዊድን ቢሆንም ኖርዌይ የኖረ ሰው ሲያነበው ጎረቤቱን ያገኝበታል። ሐሳባቸው በአጭሩ ይሄ ነው፦ አንዱ የሌላው ጥገኛ በሆነበት ቦታ ፍቅሩ እውነት ይሁን ግዴታ አይታወቅም። ስለዚህ ልጁን ከአባቱ፣ ሚስትን ከባሏ፣ አዛውንትን ከልጃቸው ኪስ መንግሥት ነፃ ያወጣቸዋል። ከዚያ በኋላ ከተገናኙ ወደው ነው። ኖርዌይም ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተማሪ የሚያበድር የመንግሥት ተቋም አላት፤ ዩኒቨርሲቲ የገባው ወጣት «አባትህ ስንት ያገኛል?» አይባልም። ዕዳው የራሱ ነው።

መጀመሪያ ስሰማው ሳቅሁ። ፍቅርን ከችግር አጥቦ፣ አስጥቶ ማቅረብ መሰለኝ። እኛ ዘንድ መቸጋገር ራሱ ፍቅር አይደለም እንዴ? «አስቸገርኩህ» ይላል አንዱ፤ «ኧረ ምን ቸግሮኝ!» ይላል ሌላው፤ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። ቆይቼ ግን ሳቄን ሰበሰብኩ። የትምህርት ቤት ክፍያህን የሚከፍልልህን አጎት ጉልበት ስትስም፣ ፍቅሩ የት ጋ አልቆ ብሩ የት ጋ እንደሚጀምር ታውቃለህ? እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አጎቴም ሳያውቁ ሞቱ።

ደግሞ ሌላም አለ። ልጅ ሆኜ በሰፈራችን ነገረኛ የሚባሉ አንዲት ሴት ነበሩ። ከሁሉም ተጣልተዋል፤ ከዕድርም ወጥተዋል። ታመው ሲተኙ አጥሚት አልሄደም። ጠበልም አልሄደም። እኛ ልጆቹ በበራቸው ስናልፍ እንሮጥ ነበር። በእኛ አገር ለመረዳት መጀመሪያ መወደድ ያስፈልጋል። ካልተወደድክ ቢያንስ መፈራት ወይም ዘመድ ማብዛት አለብህ። አስታማሚ የሌለው ሰው ሆስፒታል ሲተኛ ምን እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል፤ መድኃኒቱን ማን ገዝቶ ያምጣለት? ማን ይደግፈው? «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» ስንል፣ ሰው የሌለውስ? ብለን አንጨምርም። በ2015 እ.ኤ.አ. ኤሪክ ጋንዲኒ የሚባል ዳይሬክተር ይህንኑ የስዊድኖች ነገር በፊልም ሲሠራ፣ ወለጋ አይራ ሆስፒታል የሠራ ስዊድናዊ ቀዶ ሐኪምን አምጥቶ የእኛን አብሮ መኖር እንደ ፈውስ ያሳያል። ደስ ይላል። ግን ለእኔ ፊልሙ እኛን ትንሽ አሳምሮናል። እኚያ ነገረኛ ሴት ፊልሙ ውስጥ የሉም።

እንግዲህ በሁለተኛው ዓመት እኔም ለመድኩ። «ተላመድክ» ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። ፌርማታ ላይ ከሌላው ሰው ሁለት ሜትር ርቄ መቆም ቻልኩ። ባዶ አውቶቡስ ውስጥ ሰው አጠገብ መቀመጥ ነውር መሆኑ ገባኝ። አንድ የሐረር ልጅ ሳይደውል በሬ ላይ ቢመጣ ፊቴ ጠቆረ፤ እሱም ያቺን ፊት አየ፣ ሁለተኛም አልመጣ። የእማማን ደረጃ እኔ መጥረግ ጀመርኩ፤ በጠዋት፣ ድምፅ ሳላሰማ፣ ሳያዩኝ። ቅዳሜ በመንገድ ዳር ሰው በሌለበት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ እንቁላል አንስቼ ብሩን ሣጥኑ ውስጥ እጥላለሁ፤ ሻጩን ሁለት ዓመት አላየሁትም፣ አልዋሸሁትምም።

ታኅሣሥ 2006 ዓ.ም.፣ የፈተና ዋዜማ። እኩለ ሌሊት አልፏል። እያነበብኩ ሳለ ከበላዬ «ድው!» አለ። ከባድ ነገር ነው። ወንበር አይደለም፤ ወንበር ሲወድቅ ይንኳኳል። ይሄ ለስላሳና ከባድ ነበር። ከዚያ ዝም አለ።

ተነሳሁ። እስከ በሩ ሄድኩ። እጄ እጀታው ላይ እንዳለ ማሰብ ጀመርኩ። ምናልባት መጽሐፍ ወድቆባቸው ይሆናል። ምናልባት በሌሊት ልብስ ናቸው። በዚህ ሰዓት ወጥቼ ባንኳኳ ይደነግጣሉ። መብራታቸው ጠፍቷል፣ መጋረጃቸው ተዘግቷል። ቢፈልጉኝ ስልኬ አላቸው። እውነቱን ልናገር፦ ያኔ ያሰብኩት ሁሉ ጨዋነት ነበር። አንዷም ሐሳብ ክፉ አልነበረችም። እነዚያን ጨዋ ሐሳቦች ደራርቤ ለበስኩና ተኛሁ።

ጠዋት ስወጣ በረዶው ላይ የመኪና ጎማ አለ፤ የከባድ ጫማ ዱካ ደግሞ ወደ እማማ በር ወጥቶ ወርዷል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ መልእክት ደረሰኝ። «ሆስፒታል ነኝ። ዳሌዬ ተሰብሯል፣ ደህና ነኝ። ለወፎቹ እህል ብታስቀምጥላቸው? ካላስቸገርኩህ።» በሁለት ዓመት ውስጥ የጠየቁኝ የመጀመሪያው ነገር ነው።

እማማ ክንዳቸው ላይ እንደ ሰዓት ያለ ነገር ያስሩ ነበር። መሐሉ ላይ ቁልፍ አለው። ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን የወረዳው አስተዳደር የሚሰጠው ነው። ወድቀው ሲጫኑት ሩቅ ያለ ማዕከል ሰማቸው፤ አምቡላንስ መጥቶ ወሰዳቸው። እኔ ከወለሉ ሥር ነበርኩ። በመሐላችን አንድ ጣውላ ብቻ ነበር።

አሁን ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ምን አጠፋሁ? እማማ አልተጎዱም፤ ማለቴ፣ እኔ ባለመሄዴ አልተጎዱም። እኔ ብሄድ ኖሮ የማደርገው ያንኑ አምቡላንስ መጥራት ነው። እኛ ሰፈር ወድቀው ቢሆን አሥር ሰው ከቦ «አንሱት፣ አታንሱት» እያለ አጥንቱን ያባብሰው ነበር፣ አምቡላንሱም ላይመጣ ይችላል። ሥርዓቱ ሠርቷል። ነገረኛ ቢሆኑም ባይሆኑም፣ ቢወደዱም ባይወደዱም ይመጣላቸው ነበር፤ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ለሰፈራችን ሴትዮ ያልተደረገላቸው ይሄ ነው። ግን ያ ቁልፍ እማማን ሲያድን እኔን ምን አደረገኝ? ድምፁን ስሰማ ቁልፍ እንዳላቸው ትዝ እንኳ አላለኝም። ያስቀረኝ ሥርዓቱን ማመኔ አልነበረም፤ ያስቀረኝ መልመዴ ነው። ሥርዓቱ የሠራው እኔ ከቀረሁ በኋላ ነው።

አንዳንድ ሰው «የእኛስ ሰው የሚሄደው ይሉኝታ ይዞት አይደል?» ይለኛል። ልክ ነው። ልቅሶ ቤት ከሚቀመጠው ግማሹ «አልመጣም» እንዳይባል የመጣ ነው። በጨዋነት ቀረሁ፤ በይሉኝታ ደግሞ እሄድ ነበር። ሁለቱም የሰው ዓይን ፍርሃት ናቸው፤ አንደኛው አስገብቶህ «ምን ሆኑ?» ያስብልሃል፣ ሌላው ከአልጋህ ያስተኛሃል። ታማሚው ምክንያትህን አይጠይቅም። እኔ ግን ራሴን እጠይቃለሁ፤ ምክንያቴ ንጹሕ ነበር፣ እግሬ ግን አልተነሳም።

በሦስተኛው ቀን ብርቱካን ቋጥሬ ሆስፒታል ሄድኩ። ፌስታሉን አይተው ሳቁ። «ለምን አልጠሩኝም? ከሥር ነበርኩ እኮ» አልኳቸው። «ፈተና ነበረብህ» አሉኝ። ይህን ሲሉ ውለታ እንደዋሉልኝ ነበር የተሰማቸው፤ በእርግጥም ውለታ ነው። እኔ ግን እንደተሰደብኩ ያህል ከፋኝ። የሰማሁት ድምፅ ነገር ግን ከአፌ አልወጣም።

የወጣው ሰኔ 2006 ዓ.ም. ነው፤ በማግስቱ ልሄድ። እንደ መሰናበቻ ቡና ጋበዙኝ። መሽቷል፤ ፀሐይ ግን አልገባችም። በምርኩዛቸው ተደግፈው ሲቀመጡ ነገርኳቸው። ድምፁን ሰምቼ እንደነበር፣ እስከ በሩ መጥቼ እንደተመለስኩ። አየር ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። ያወቁ ይመስላሉ።

«ብመጣ ኖሮ ይቆጡ ነበር?»

ብዙ አሰቡ። «አፍር ነበር» አሉ። ከዚያ ቡናዬን ሞሉልኝ። ከማፈሩ በኋላስ ምን ይሰማዎት ነበር ብዬ አልጠየቅኋቸውም።

ከተመለስኩ ወዲህ በየፈረንጅ ገናው ካርድ ይልኩልኝ ነበር። አጭር ነው፤ ስለ በረዶው፣ ስለ ወፎቹ፣ ስለ ወንድ ልጃቸው። እኔም እመልሳለሁ። ባለፈው ገና አልመጣም። የዚያን በፊቱም አልመጣም። ዘጠና ዓመት ደፍነዋል ማለት ነው። ስልካቸው አለኝ። በክረምታቸው ከእኛ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው፤ እዚህ 6 ሰዓት ሲሆን እዚያ 4 ሰዓት ነው፣ ቡና የሚጠጡበት ሰዓት። ብዙ ቀን እዚያ ሰዓት ላይ ስልኩን አንስቼ ቁጥሩን አውጥቼ አይቻለሁ። ምናልባት ተኝተው ይሆናል። ምናልባት ልጃቸው መጥቶ ይሆናል። ምናልባት መጋረጃቸው ተዘግቷል።